የይለፍ ቃሉን ይቀበላል፣ ግን አያስገባም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኮምፒውተር

በዚህ ዕትም ሦስት ደብዳቤዎችን መርጠናል። ሦስቱም የሚጠይቁት የዲስክን ክፍልፋይ፣ በተለምዶ ፓርቲሽን የምንለውን፣ ካሰፉ ወይም ካጠበቡ በኋላ ኮምፒውተሩ ወደ ዴስክቶፕ አላስገባ ሲል ምን እንደሚደረግ ነው። አንድ ነገር አስቀድመን እናሳስባለን፤ ትእዛዞችን የምንጽፈው በሚነበቡበት ድምፅ ሲሆን፣ በኪቦርድ ሲመቱ ግን፣ «ትልቁ» ካላልን በቀር፣ በእንግሊዝኛ ትናንሽ ፊደላት ነው። አነባበቡ ሊያሳስት በሚችልበት ቦታ ፊደላቱን አንድ በአንድ ዘርዝረናል።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፤ የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ነው። 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ባለው ላፕቶፔ ላይ ዊንዶውስና ኡቡንቱ 22.04 አብረው ተጭነዋል። ለኡቡንቱ የሰጠሁት 40 ጊጋባይት ብቻ ስለነበረ ሞላ፤ ቦታ እያለቀ ነው የሚል ማስጠንቀቂያም በየቀኑ ይወጣብኝ ጀመር። ስለዚህ ከዊንዶውሱ 80 ጊጋባይት ቀንሼ አዲስ ፓርቲሽን ሠራሁ፤ ፋይሎቼ ያሉበትን ሆም የተባለውን ፎልደርም «ሱዶ ሲፒ ሰረዝ አር» በሚለው ትእዛዝ ወደዚያ ገለበጥኩ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አዲሱን ፓርቲሽን ሆም አድርጎ እንዲይዝ ኤፍኤስታብ በተባለው ፋይል ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ። ሪስታርት ሳደርገው የመግቢያው ገጽ በደንብ ይመጣል፤ የይለፍ ቃሌን ስጽፍ ግን ስክሪኑ ለአፍታ ይጠቁርና ያንኑ ገጽ መልሶ ያመጣል። አሥር ጊዜ ብሞክር አሥር ጊዜም እንዲሁ ነው። ያሳየሁት ጠጋኝ «ሲስተሙ ተበላሽቷል፣ ፎርማት መደረግ አለበት» አለኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ እዚያው ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ ያለኝ ቅጂ ደግሞ የሁለት ወር ዕድሜ አለው። ፎርማት ከማስደረጌ በፊት ላደርገው የምችለው ነገር ይኖራል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አስቀድመን የምንለምንዎ ፎርማት እንዳያስደርጉ ነው። የገለጹልን ምልክት ሲስተሙ መበላሸቱን አያሳይም፤ ጽሑፍዎም አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ሁለት ቦታ ያለ ይመስለናል። ለምን እንዲህ እንዳልን ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ አሁን ምልክቱን አብረን እናንብበው።

በመግቢያው ገጽ ላይ ሆን ብለው የተሳሳተ የይለፍ ቃል ይጻፉ። ኮምፒውተሩ ቃሉ ትክክል እንዳልሆነ ይነግርዎታል እንጂ ስክሪኑ አይጠቁርም። ትክክለኛውን ሲጽፉ ግን ምንም ሳይል ይጠቁርና ይመለሳል። ከዚህ የምንረዳው የይለፍ ቃልዎ እንደታወቀ፣ በሩ እንደተከፈተልዎ፣ የከሸፈውም ከበሩ ወዲያ ያለው ሥራ እንደሆነ ነው። የኡቡንቱ ዴስክቶፕ ሲነሣ ከሚያደርጋቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ በሆም ፎልደርዎ ውስጥ መጻፍ ነው፤ ስማቸው በነጥብ ስለሚጀምር በተለመደው እይታ የማይታዩ፣ ኮንፊግ፣ ካሽና ሎካል የተባሉ ፎልደሮች አሉ፤ ማስታወሻውን የሚያስቀምጠው በእነሱ ነው። እዚያ መጻፍ ከተከለከለ ዴስክቶፑ ገና ሳይቆም ይወድቃል፣ የመግቢያው ገጽም ቦታውን መልሶ ይይዛል። ላይትዲኤም የሚባለውን መግቢያ በሚጠቀሙት በኡቡንቱ ዘመዶች በሊኑክስ ሚንትና በዙቡንቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያሰናክለው ኤክስኦቶሪቲ የምትባል አንዲት ትንሽ ስውር ፋይል መጻፍ አለመቻል ነው፤ የነገሩ ሥር ግን ያው ነው።

እንግዲህ ጥያቄው «ሲስተሜ ለምን ተበላሸ?» የሚል አይደለም፤ «በገዛ ቤቴ ውስጥ ለምን መጻፍ አልቻልኩም?» የሚል ነው። ምክንያቱ ከአራት አያልፍም፤ ቤቱ በቦታው የለም፣ ቤቱ በሌላ ሰው ስም ሆኗል፣ ቤቱ ሞልቷል፣ ወይም ቤቱ ለንባብ ብቻ ተከፍቷል። የእርስዎ ሁለተኛው ነው ብለን እንጠረጥራለን፤ የጠረጠርንበትም እርስዎ ራስዎ በጻፉልን ትእዛዝ ምክንያት ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ዴስክቶፕ አያስፈልግም፤ ኡቡንቱ የሚመደብበት ሊኑክስ ሁልጊዜ ሁለተኛ በር አለው። በመግቢያው ገጽ ላይ እንዳሉ ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ 3ን አንድ ላይ ይጫኑ፤ በአንዳንድ ላፕቶፖች ኤፍኤን የሚለውንም ጨምሮ መያዝ ያስፈልጋል። ስክሪኑ ጥቁር ይሆንና በነጭ ጽሑፍ የተጠቃሚ ስም ይጠይቅዎታል። ስምዎን፣ ቀጥሎም የይለፍ ቃልዎን ይጻፉ። የይለፍ ቃሉ ሲጻፍ ኮከብም ሆነ ነጥብ አይታይም፤ ኪቦርዱ የማይሠራ ይመስላል እንጂ እየተቀበለ ነው። ወደ መግቢያው ገጽ መመለስ ሲፈልጉ ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ 1 ይጫናሉ።

እንደገቡ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ሳይቸኩሉ ያንብቡ። «ኖ ዳይሬክተሪ፣ ሎጊንግ ኢን ዊዝ ሆም» ብሎ የሚጀምርና በእኩል ምልክትና በአንዲት ስላሽ የሚያበቃ መስመር ካዩ፣ ኮምፒውተሩ የሚልዎ «ወደ ቤትዎ ልወስድዎ አልቻልኩም፤ ስለዚህ ከግቢው በር ላይ አስቀምጬዎታለሁ» ነው። ይህ መልእክት የሚወጣው ፎልደሩ ከናካቴው ሲጠፋ ብቻ አይደለም፤ ፎልደሩ እያለ ለመግባት ፈቃድ ሲታጣም ይወጣል። ብዙዎች ይህን ሳይለዩ «ፋይሎቼ ጠፉ» ብለው ይደነግጣሉ። ሁለቱን ለመለየት «ኤልኤስ» ብለው ክፍት ቦታ ይተዉ፤ ቀጥሎ ሰረዝ፣ ኤልና ዲ አያይዘው ይጻፉ፤ እንደገና ክፍት ቦታ ትተው «ስላሽ ሆም ስላሽ» እና የተጠቃሚ ስምዎን አያይዘው ይጻፉና ኢንተር ይምቱ። አንድ መስመር ይወጣል። በመስመሩ መጀመሪያ በዲ የሚጀምር የፊደላትና የሰረዞች ረድፍ፣ ቀጥሎ አንድ ቁጥር፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ ደግሞ ሁለት ስሞች አሉ። ከእነዚህ ሁለት ስሞች የመጀመሪያው የፎልደሩ ባለቤት፣ ሁለተኛው የቡድኑ ስም ነው። በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ሁለቱም የእርስዎ ስም መሆን ሲገባቸው «ሩት ሩት» የሚል የሚያዩ ይመስለናል።

እንዲህ የሆነው በመገልበጫው ትእዛዝ ነው። ሱዶ ማለት ሥራውን በዋናው አስተዳዳሪ በሩት ሥልጣን አድርግልኝ ማለት ነው፤ «ሲፒ ሰረዝ አር» ደግሞ የፋይሎቹን ይዘት ይገለብጣል እንጂ ባለቤትነታቸውን አያስተላልፍም፤ አዲሱ ቅጂ በገልባጩ ስም ይመዘገባል። ገልባጩ ሩት ስለነበረ ቤትዎ በሙሉ በሩት ስም ሆነ። በተጨማሪም ከኡቡንቱ 21.04 ወዲህ በሚፈጠሩ ተጠቃሚዎች ሆም ፎልደር ውስጥ ባለቤቱና ቡድኑ ካልሆኑ በቀር ማንም እንዳይገባ ተደርጓል፤ ለደኅንነት የተወሰደ ጥሩ እርምጃ ነው፣ በእርስዎ ላይ ግን ከገዛ ቤትዎ ውጭ አስቀረዎት። ከሰረዙ በኋላ በአር ፈንታ ኤ ቢጻፍ ኖሮ ባለቤትነቱ፣ ፈቃዱና ቀኑ ሁሉ እንዳለ ይተላለፍ ነበር። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት፤ መመሪያ ተብለው በየቦታው የሚሰራጩ ጽሑፎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ይህችን ፊደል አያነሷትም። ስለዚህ ጥፋቱን በራስዎ ላይ አይቁጠሩት።

መፍትሔው ባለቤትነቱን መመለስ ነው። ትእዛዙ ሲ፣ ኤች፣ ኦ፣ ደብሊው እና ኤን በሚሉ አምስት ፊደላት የሚጻፈው ነው። መጀመሪያ «ሱዶ»፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ እነዚህ አምስት ፊደላት፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝና ትልቁ አር፣ ክፍት ቦታ፣ የተጠቃሚ ስምዎ፣ ሳይለያዩ ኮለን የሚባሉት ተደራራቢ ሁለት ነጥቦች፣ እንደገና የተጠቃሚ ስምዎ፣ ክፍት ቦታ፣ በመጨረሻም «ስላሽ ሆም ስላሽ» እና የተጠቃሚ ስምዎ ይጻፋል። ኢንተር ከመምታትዎ በፊት መጨረሻው ላይ ያለውን አድራሻ ሁለት ጊዜ ያንብቡት። በመጀመሪያዋ ስላሽና በሆም መካከል ክፍት ቦታ ከገባ ትእዛዙ የመላውን ሲስተም ባለቤትነት መለወጥ ይጀምራል፤ ያኔ በእርግጥም እንደገና መጫን ሊያስፈልግ ነው። አንዳንድ ሰዎች ደግሞ በዚህ ፈንታ «ለሁሉም ሰው ሙሉ ፈቃድ ስጠው» የሚለውን ሦስት ሰባት ያለበትን ትእዛዝ ይመክራሉ። እባክዎ አይቀበሏቸው። ቤትዎን ለኮምፒውተሩ ተጠቃሚዎች ሁሉ መክፈት ከመሆኑም በላይ፣ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በምስጢር እንደሚያገናኘው ኤስኤስኤች ያሉ ፕሮግራሞች ለሁሉም የተከፈተ ቁልፍ ሲያዩ አንጠቀምም ይላሉ፤ አንዱን ችግር ፈትተው ሌላ ይዘው ይቀራሉ።

ትእዛዙ ከተሳካ ምንም ሳይናገር ያበቃል። «ኤግዚት» ብለው ይውጡና በዚያው በጥቁሩ በር እንደገና ይግቡ፤ የቅድሙ መልእክት አሁን መውጣት የለበትም። ወደ ዴስክቶፑ ለመሄድ እንደሚጣደፉ ይገባናል፤ ሆኖም የመመረቂያ ጽሑፍዎን አስቀድመው ወደ ፍላሽ ቢያወጡት እንመርጣለን። ፍላሹን ይሰኩና ኤል፣ ኤስ፣ ቢ፣ ኤል እና ኬ በሚሉ ፊደላት የሚጻፈውን ትእዛዝ ይስጡ፤ ዲስኮችና ፓርቲሽኖች ከነመጠናቸው ይዘረዘራሉ፤ ፍላሽዎን በመጠኑ ይለዩታል። ስሙ ለምሳሌ ኤስዲቢ 1 ከሆነ በ«ሱዶ ማውንት» ትእዛዝ «ስላሽ ኤምኤንቲ» በተባለው ባዶ ፎልደር ላይ ያያይዙት።

እዚህ ላይ የአማርኛ ጸሐፊዎችን ብቻ የሚገጥም ነገር አለ። በጥቁሩ ስክሪን ላይ የፋይሎችዎን ዝርዝር ሲያዩ፣ በአማርኛ የሰየሟቸው ፋይሎች አራት ማዕዘን ወይም የጥያቄ ምልክት ተደርድሮባቸው ይታያሉ። አይደንግጡ፤ ያ ስክሪን የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ስላልተጫነለት ነው እንጂ ስሞቹም ሆኑ ፋይሎቹ አልተነኩም። ሆኖም በአማርኛ የተሰየመ ፋይል በዚያ ስክሪን ላይ በስሙ መጥራት አይቻልም፤ በእጅ ወደተያያዘ ፍላሽ ሲገለበጥም ስሙ ሊያስቸግር ይችላል። ስለዚህ ጽሑፍዎ ያለበትን ፎልደር በሙሉ «ታር» በሚለው ትእዛዝ አንድ ላይ ጠቅልለው፣ ለጥቅሉ በእንግሊዝኛ ፊደል ስም ሰጥተው ፍላሹ ላይ ያስቀምጡ። ብዙ ፍላሾች የሚጠቀሙበት ፋት 32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ግን ከበቂ በላይ ነው። ሲጨርሱ ፍላሹን «ሱዶ ዩማውንት» ብለው ሳይለቁ አይንቀሉት፤ ያን ሳያደርጉ ከነቀሉ የመጨረሻው ክፍል ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል።

አሁን ወደ መግቢያው ገጽ ተመልሰው ይሞክሩ። አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያስገባል። በእርስዎ ላይ ግን ከመጀመሪያው ችግር በስተጀርባ ሁለተኛ ሊኖር ስለሚችል እንቀጥል። ዲ እና ኤፍ ብለው፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝና ኤች ሲጽፉ የእያንዳንዱ ፓርቲሽን መጠንና የተያዘው ቦታ ይዘረዘራል። በአንዲት ስላሽ ብቻ የተሰየመው ዋናው፣ ባለ 40 ጊጋባይቱ ነው፤ ሆም ወደ ሌላ ፓርቲሽን ከሄደ በኋላም ሙሉ ሆኖ ካገኙት አይገረሙ። ፋይሎቹን ገለበጧቸው እንጂ አላንቀሳቀሷቸውም። አሮጌው ሆም አሁንም በነበረበት አለ፤ አዲሱ ፓርቲሽን በላዩ ስለተነጠፈ ብቻ አይታይም፤ ምንጣፍ ሲነጠፍ ከሥሩ ያለው ወለል እንደማይታየው ነው። መጀመሪያ ላይ ጽሑፍዎ ሁለት ቦታ ያለ ይመስለናል ያልነው በዚህ ምክንያት ነበር።

ዋናው ፓርቲሽን መሙላቱ ራሱን ችሎ መግባትን ሊከለክል ይችላል። ኤክስት 4 የሚባለው የፋይል አያያዝ ሲሠራ ከመቶ 5 እጅ የሚሆነውን ቦታ ለሩት ብቻ ያስቀምጣል፤ በ40 ጊጋባይት ላይ 2 ጊጋባይት ገደማ ማለት ነው። ለዚህ ነው ኮምፒውተሩ ተነሥቶ፣ የመግቢያውን ገጽ አምጥቶ፣ ለተራው ተጠቃሚ ሲደርስ ብቻ «ቦታ የለም» የሚለው። ስለዚህ ጊዜያዊ ቦታ ለመክፈት «ሱዶ አፕት ክሊን» በማለት የወረዱ የመጫኛ ፋይሎችን ያጥፉ፤ ይህ ምንም ጉዳት የለውም።

አሮጌውን ሆም ማጥፋት ግን ዛሬ አያስፈልግም። በአዲሱ ቤት አንድ ሳምንት ያህል ሠርተው፣ ጽሑፍዎንና ማጣቀሻዎችዎን ከፍተው ሁሉም መኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ያድርጉት። የሚደረስበትም ምንጣፉን ከፍ በማድረግ ነው፤ «ሱዶ ማውንት» ብለው፣ ሁለት ሰረዝና ባይንድ፣ ክፍት ቦታ፣ አንዲት ስላሽ፣ ክፍት ቦታ፣ «ስላሽ ኤምኤንቲ» ሲሉ የዋናው ፓርቲሽን የተሸፈነው ክፍል በኤምኤንቲ ሥር ይገለጣል። አሮጌው ቤትዎ በዚያ ውስጥ ሆም በሚለው ፎልደር ይገኛል። የሚያጠፉት ነገር አድራሻ በኤምኤንቲ መጀመሩን ደጋግመው ያረጋግጡ፤ በቀጥታ በሆም የሚጀምረው አሁን የሚኖሩበት ቤት ነው።

የፎልደሩ ባለቤት ገና ከመጀመሪያው በእርስዎ ስም ሆኖ ካገኙት ግምታችን ተሳስቷል ማለት ነው። ያኔ በሆምዎ ውስጥ «ተች» በሚለው ትእዛዝ አንዲት ባዶ ፋይል ለመፍጠር ይሞክሩ። ቦታ የለም ካለ ሞልቷል፤ «ሪድ ኦንሊ» ካለ ደግሞ ሲስተሙ ስሕተት አይቶ ፓርቲሽኑን ለንባብ ብቻ ከፍቶታል፤ ይህ ሲሆን ኮምፒውተሩን በላይቭ ፍላሽ፣ ማለትም ዲስኩን ሳይነካ ሲስተም በሚያስነሣ ፍላሽ፣ አስነሥቶ፣ ፓርቲሽኑ ሳይያያዝ፣ ጂፓርትድ በሚባለው የፓርቲሽን ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ «ቼክ» የሚለውን ማስኬድ ያስፈልጋል። በተያያዘ ፓርቲሽን ላይ ጥገና ማስኬድ ፋይል ሊያበላሽ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ነው የምጽፈው። እኔ ጋ የመግቢያው ገጽ ራሱ አይመጣም። የዳታ ፓርቲሽኔን ለማስፋት ብዬ ከጎኑ የነበረውን ስዋፕ፣ ለሜሞሪ ማገዣ የሚሆነውን የዲስክ ቦታ፣ አጠፋሁ፤ የዳታውንም ፋይሎች ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ካስቀመጥኩ በኋላ ፓርቲሽኑን አጥፍቼ አስፍቼ እንደ አዲስ ሠራሁት፤ በመጨረሻም አነስተኛ ስዋፕ ከኋላው ጨመርኩ። አሁን ኮምፒውተሩ ሲነሣ አንድ ደቂቃ ተኩል ይቆጥርና «ኢመርጀንሲ ሞድ» የሚል ጥቁር ስክሪን ላይ ይቆማል። የት ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ሥራዎ በቅደም ተከተል ትክክል ነበር፤ ፋይሎቹን አስቀድመው ማውጣትዎም የሚያስመሰግን ነው። የቀረው ለኮምፒውተሩ አዲሱን አድራሻ መንገር ብቻ ነው።

እያንዳንዱ የተሠራ ፓርቲሽን ዩዩአይዲ የሚባል መለያ ይሰጠዋል፤ በሊኑክስ ፓርቲሽኖች ላይ ከነሰረዞቹ 36 ምልክት ያለው ረጅም ቁጥር ነው። ኤፍኤስታብ ፓርቲሽኖችን የሚያውቃቸው በዚህ መለያ ነው። በጂፓርትድ ፓርቲሽንን ማስፋት ወይም ማጥበብ መለያውን አይለውጠውም፤ አጥፍቶ እንደ አዲስ መሥራት ግን አዲስ መለያ ያመጣል። ስለዚህ ኮምፒውተርዎ አሁን በዓለም ላይ የሌሉ ሁለት ፓርቲሽኖችን እየጠበቀ ነው። ያ የአንድ ደቂቃ ተኩል ቆጠራ የጥበቃው ጊዜ ነው። ስዋፑ ባይመጣ ችላ ብሎ ያልፋል፤ የዳታው ፓርቲሽን ባይመጣ ግን ግዴታ ነው ተብሎ ስለተመዘገበ ይቆማል።

በዚያ ስክሪን ላይ ኢንተር ሲመቱ ትእዛዝ መስጫ ከተከፈተልዎ እዚያው ማስተካከል ይችላሉ፤ ካልተከፈተልዎ ኡቡንቱን በጫኑበት ፍላሽ ያስነሡና ዋናውን ፓርቲሽን ከፍተው ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ኤፍኤስታብን ያገኙታል። ከመንካትዎ በፊት ቅጂውን በሌላ ስም ያስቀምጡ። ቀደም ሲል የጠቀስነው የዲስክ መዘርዘሪያ ትእዛዝ ሰረዝና ኤፍ ሲጨመርበት የፓርቲሽኖቹን አዲስ መለያዎች ያሳያል። በስልክዎ ፎቶ ያንሱትና ከፎቶው እያዩ በናኖ አርታኢ ውስጥ አሮጌዎቹን ይተኩ። ለዓይን የሚረዳ ነገር እንንገርዎት፤ በዚህ መለያ ውስጥ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉ አኃዞችና ከኤ እስከ ኤፍ ያሉ ፊደላት ብቻ ናቸው ያሉት። ስለዚህ ኦ የሚመስልዎ ሁሉ ዜሮ ነው፤ ኤል የሚመስልዎም አንድ ነው።

በዳታው መስመር ላይ «ዲፎልትስ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ኮማና «ኖፌይል» የሚል ቃል ያለ ክፍት ቦታ ቢጨምሩ፣ ወደፊት ያ ፓርቲሽን ቢጠፋ እንኳ ኮምፒውተሩ መነሣቱን አያቆምም። ለሆም ፓርቲሽን ግን ይህን አንመክርም፤ ሆም ሳይያያዝ በዝምታ ተነሥቶ እንደ ባሕር ዳሩ ጠያቂያችን መግቢያው ላይ ከሚመልስዎ፣ ቆሞ ቢነግርዎ ይሻላል። ካስቀመጡ በኋላ፣ በራሱ በኮምፒውተሩ ሲስተም ላይ ከሆኑ፣ ሪስታርት ሳያደርጉ «ሱዶ ማውንት ሰረዝ ኤ» ብለው ይሞክሩት፤ በዳታው መለያ ላይ የተሳሳተ ፊደል ካለ ወዲያው ይናገራል።

ከዚህ በኋላም ሲነሣ ግማሽ ደቂቃ ያህል የሚዘገይ ከሆነ የስዋፑ አሮጌ መለያ ሌላም ቦታ ተጽፎ ይሆናል። በኢቲሲ ውስጥ «ኢኒትራምኤፍኤስ ቱልስ»፣ በእሱም ውስጥ «ኮንፍ ነጥብ ዲ» በሚባለው ፎልደር ሥር «ሪዚዩም» የሚባል ፋይል ካለ፣ መለያውን እዚያም ተክተው «ሱዶ አፕዴት ሰረዝ ኢኒትራምኤፍኤስ» ክፍት ቦታ፣ ሰረዝና ዩ የሚለውን ያስኬዱ።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ በአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነኝ። በአንዱ ዴስክቶፕ ላይ ዋናውን ፓርቲሽን በትእዛዝ ከ30 ወደ 100 ጊጋባይት አሰፋሁት፤ ዝርዝሩም 100 ይላል። ሆኖም አሁንም ሙሉ ነው ይላል፣ ተማሪዎቹንም አያስገባም። በሌላው ላይ ደግሞ ባዶው ቦታ ከፓርቲሽኑ በስተግራ ስለሆነ መጀመሪያውን ወደ ግራ ማንቀሳቀስ አለብኝ። የምጠነቀቀው ነገር አለ?

መልስ፦ በመጀመሪያው ላይ ግቢውን አስፍተው አጥሩን አስቀርተዋል። ፓርቲሽኑ አንድ ነገር ነው፤ በውስጡ ፋይሎችን የሚያደራጀው ኤክስት 4 ሌላ ነገር ነው። ጂፓርትድ ሁለቱን አብሮ ያሰፋል፤ በትእዛዝ ሲሠሩ ግን ሁለተኛው ለእርስዎ ይቀራል። በጥቁሩ በር ይግቡና ሱዶ፣ ክፍት ቦታ፣ ሪሳይዝ የሚለው ቃል፣ ከእሱ ጋር አኃዙ 2፣ ኤፍ እና ኤስ ተያይዘው፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ የፓርቲሽኑን ሙሉ አድራሻ ይጻፉ። ሲስተሙ እየሠራ እያለ በሰከንዶች ውስጥ ይሰፋል፤ ተማሪዎቹም ይገባሉ። በተቃራኒው ሲያጠብቡ ተራው ይገለበጣል፤ መጀመሪያ ኤክስት 4ን ሳይያያዝ ማጥበብ፣ ቀጥሎ ፓርቲሽኑን። ተራውን ያሳሳተ ሰው የፋይሎቹን ጫፍ ቆርጦ ይጥላል። ኤክስኤፍኤስ በሚባለው ሌላ የፋይል አያያዝ የተሠራ ፓርቲሽን ከሆነ ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ያሳስበናል። መጀመሪያውን ወደ ግራ ማንቀሳቀስ ማለት በፓርቲሽኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ከቦታው አንሥቶ ሌላ ቦታ መጻፍ ማለት ነው፤ በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። በመካከል መብራት ቢጠፋ ግማሹ በአዲሱ፣ ግማሹ በአሮጌው ቦታ ይቀርና የትኛውም ትእዛዝ አይመልሰውም። እኛ እንዲህ ባለ ዲስክ ፊት ከአንዲት መምህርት ጋር ቁጭ ብለን የአንድ ዓመት ተኩል የፈተና ወረቀቶቻቸውን ሳናገኝ ተነሥተናል። ስለዚህ ዴስክቶፑን ያለ ዩፒኤስ በፍጹም አይጀምሩ፤ ዩፒኤሱም ሰዓታት የሚቆይ መሆኑን ይወቁ፤ ፋይሎቹንም አስቀድመው ኤክስተርናል ላይ ያውጡ። ከተቻለ ደግሞ ፓርቲሽኑን ጨርሶ አያንቀሳቅሱት፤ በግራ ያለውን ባዶ ቦታ አዲስ ፓርቲሽን አድርገው ሆምን ብቻ፣ ከሰረዙ በኋላ ኤ ባለው መገልበጫ፣ ወደዚያ ይውሰዱት። በጥቂት ደቂቃዎች የሚያልቅ ሥራ ነው፤ በመካከል መብራት ቢጠፋም አሮጌው ቅጂ ሳይነካ ይቆያል።